ከጨረሩ በፊት የሚሰጠው መርፌ

እማማ የጨረር ሕክምና ክፍሉ ኮሪደር ላይ የልጃቸውን ኮት ታቅፈው ሲቁነጠነጡ፣ ነጭ ጋዋን የለበሰች ወጣት ከፊታቸው ቆመች። ቀና ብለው ቢያዩ የጎረቤታቸው የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ናት፤ ያቺ አፍንጫዋን እያበሱላት ያደገችው።

«አንቺን ደግሞ ምን አገኘሽ፣ ልጄ?»

«ምንም አላገኘኝም፣ እማማ። የዚህ ክፍል ፋርማሲስት ነኝ። አንዲት እናት ልጃቸው ከጨረሩ በፊት የሚወጋውን መርፌ ከለከሉ ሲሉኝ ነው የመጣሁት።»

«እኔው ነኝ። ትናንት ተወግቶ አንጀቱ እስኪወጣ አስታወከ። ደግሞስ ከጨረር የሚከላከል ከሆነ፣ የአንገቱን የካንሰር እባጭም አይከላከልለትም? ጅብን ከበግ ጋር አንድ በረት ዘግቶ መጠበቅ አይሆንም?»

የተቆጡ ይመስሉ ነበር እንጂ ጥያቄያቸው የሊቅ ጥያቄ ነበር። ወጣቷም አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ሐኪሞችም ይህንኑ ጠይቀው ነው ያጠኑት። ጨረሩ በሴል ውስጥ ያለውን ውኃ ሲሰብረው እንደ እሳት ፍንጣሪ ያለ ነገር ይወጣል። ያ ፍንጣሪ ዲ ኤን ኤውን፣ ማለትም የሴሉ መመሪያ ያለበትን ክር፣ ይበጥሰዋል። መድኃኒቱ ፍንጣሪውን ቀድሞ ይይዘዋል።»

«እባጩስ?»

«መድኃኒቱ ሲገባ እንደ ተቆለፈ ነው። የሚከፍተው ኢንዛይም ጤነኛው ሴል ውስጥ ሞልቷል፤ እባጩ ውስጥ ግን እምብዛም የለም።»

«ማስታወኩስ?»

«እሱስ እውነት ነው፤ የደም ግፊትም ያወርዳል። ለዚህ ነው አስቀድመን ማስታወክ የሚከላከል ክኒን ሰጥተን፣ አስተኝተን የምንወጋው። ትናንት ክኒኑን ወስዶ ነበር?»

እማማ አቀረቀሩ። «መድኃኒት በመድኃኒት ላይ አይደረብም ብዬ ደበቅሁበት። ከተወጋም በኋላ በደሙ እንዲዘዋወር ብዬ ኮሪደሩን አዞርኩት።»

ወጣቷ አልተቆጣችም። «ልጅዎ አስተማሪ ነው፣ እማማ። ጨረሩ የምራቅ ዕጢውን ጎድቶ ምራቁ ከደረቀ፣ ምላሱ ከላንቃው እየተጣበቀ እንዴት ያስተምራል? መርፌው ጉዳቱን ጨርሶ ባያስቀረውም ይቀንስለታል።»

እማማ ክኒኑን ከቦርሳቸው አውጥተው ሰጧት። የሚወዱትን መጠበቅ ደግ ነው፤ ሳይጠይቁ መጠበቅ ግን የሚወዱትን ይጎዳል።

ነርሷ በሩን ከፈተች። «እናቴ ካልፈቀደች አልወጋም ብሏል።»

«ፈቅጃለሁ በይው። አስተኙልኝ፤ ከተነሣ ከእኔ ጋር ነው ጠቡ።»

ነርሷ ፈገግ አለች። «እኛ ለምነን አቅቶን ነበር፤ ማን አሳመነዎት?»

እማማ የወጣቷን ትከሻ አቀፉ።

«ይቺ ናታ።»

«ልጅዎ ናት እንዴ?»

«አጥር ነው የለየን እንጂ፣ ልጄስ ልጄ ናት» አሉ፣ ኮሪደሩ ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።