ዴስክ ለማኙ ዳይሬክተራችን

ጋሽ ወርቅአገኘሁ፣ ዛሬ ንግግሬን ማቋረጥ አይቻልም፤ ጡረታ ወጥተዋል፣ ሥልጣኑ የለዎትም።

እንግዶች አላያችሁም እንጂ፣ ዳይሬክተራችን ከደብረ ብርሃን ወደዚህ ወደ አንኮበር ትምህርት ቤታችን የመጡ ዕለት ከረባት አስረው ነበር። ገና አረፍ ሳይሉ «ቤተ ሙከራው የት ነው?» አሉ። በሩ ላይ «ቤተ ሙከራ» ተብሎ ተጽፏል፤ ውስጡ ያለው ግን የዘበኛችን የአያ ኪዳነወልድ ጭድ ነው። አያ ኪዳነወልድ አፍረው «ቁልፉ ጠፍቷል» አሉ። ጋሽ ወርቅአገኘሁም ሳምንቱን ሙሉ ቁልፍ ሲፈልጉ ሰነበቱ። በሩ ተከፍቶ ጭዱን ያዩ ቀን ከረባቱን ፈቱት፤ ከዚያ ወዲህ አስረው አይተናቸው አናውቅም።

ከተማ ለስብሰባ ከሄዱ ባዶ እጃቸውን አይመለሱም። እዚያ ያሉት ዳይሬክተሮች ከሩቅ ሲያዩዋቸው «ወርቅአገኘሁ መጣ፣ መጋዘኑን ቆልፉ» ይባባሉ ነበር አሉ። እነሱ የጣሉትን እግረ ሰባራ ዴስክ አውቶቡስ ላይ አስጭነው ይመጣሉ። ረዳቱ «የዴስኩንም ይክፈሉ» ሲላቸው፣ «የተማሪ ነው፤ በተማሪ ሒሳብ ተቀበለኝ» ይሉታል። እሱም ግራ ገብቶት ይቀበላል።

ጎብኚ ሲመጣ ደግሞ ልማዳችንን ታውቁታላችሁ፤ ከዚህም ከዚያም ተውሰን እናሳምራለን። አንድ ጊዜ እኔና መምህርት ብርቱካን ጎረቤላ ካለ ሆቴል ባለ ስፖንጅ ወንበር ተውሰን ደረደርን። ጋሽ ወርቅአገኘሁ በመጣበት መኪና መለሱት። የዞን እንግዶችን ሁለተኛ ክፍል አስገብተው ልጆቹ የሚቀመጡበት ድንጋይ ላይ አስቀመጧቸው፤ ሪፖርቱንም ረጋ ብለው፣ አንድ ገጽ ሳይዘሉ አነበቡላቸው። የቡድኑ መሪ ወዲያ ወዲህ ሲገላበጡ ቆይተው፣

«ወንበር የለም እንዴ?» አሉ።

«አለ እንጂ፤ ከተማ ነው ያለው።»

ወሩ ሳይሞላ አዲስ ዴስክ የጫነ አይሱዙ ከች አለ።

እልል ብለን ሳንጨርስ «ግማሹ ቆላ ላለው ትምህርት ቤት ይሂድ» አይሉም? መምህራን በሙሉ አኮረፍን። እኔማ ቢሯቸው ድረስ ገብቼ «የኛው ልጆች ድንጋይ ላይ ናቸው፤ ምን ነካዎት?» አልኳቸው።

«ሠናይት፣ እነሱ የሚማሩት ዛፍ ሥር ነው። እኛ ከተማውን እንደምናማው፣ እነሱም እኛን እንዲያሙን ነው የምትፈልጊው?»

በማግስቱ ግማሹን ዴስክ መኪና ላይ ካስጫኑት አንዷ እኔ ነበርኩ።

ጋሽ ወርቅአገኘሁ፣ ዞኑ ሁሉ የተሟላለት ትምህርት ቤት ሊሰጥዎ ሲጠራዎ እንቢ ብለው እኛ ጋ ቀሩ። ልጄ ሔራን ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ሳይሆን ዴስክ ላይ ዘርግታ ፊደል የለየችው በእርስዎ ነው። አመሰግንዎታለሁ፤ እንወድዎታለን። ሁለት ክፍላችን ዛሬም ድንጋይ ላይ መሆኑ እንደሚከነክንዎት አውቃለሁ። እሱን ለእኛ ይተዉልን።

በሉ፣ ብርጭቆአችሁን አንሱ። ልጆች እንዲቀመጡ ቆመው ላረጁት ለጋሽ ወርቅአገኘሁ! ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥዎ፤ ጉልበትዎ ይጽና፣ ቤትዎ ይሙላ።

ከዞን የመጣችሁ እንግዶች፣ እናንተም ጠጡ። ፊቴን ግን ደህና አድርጋችሁ እዩት፤ ከሰኞ ጀምሮ ዴስክ ልለምን የምመጣባችሁ እኔ ነኝ።