ሲስተር ሽታዬና ባዶው ድንኳን

ከቅርብም ከሩቅም መጥታችሁ በዚህ ድንኳን ለተቀመጣችሁ ሁሉ፣ የሲስተር ሽታዬን የሕይወት ታሪክ በአጭሩ እናሰማለን።

ሲስተር ሽታዬ ዲበኩሉ ከአባታቸው ከአቶ ዲበኩሉ ወልዴና ከእናታቸው ከወ/ሮ ጂቱ ፈይሳ በ1956 ዓ.ም. በአዳሚ ቱሉ ተወለዱ። በዚያው ተምረው፣ በአዳማ በነርስነት ሠልጥነው፣ በከተማችን በአንድ ጤና ጣቢያ ተቀጠሩ። ከሚኒባስ ሾፌሩ ከአቶ ጫምሳ ጋር ትዳር መሥርተው ቢኒያምንና ሚልካን አፈሩ። መርፌ የሚፈራ ሕፃን ሲመጣባቸው በኦሮምኛ እያጫወቱ፣ ሳያውቀው ወግተው ይጨርሱ ነበር።

በኮሮናው ጊዜ ለአረጋውያን የጉንፋን ክትባት ሲመጣ፣ ሰው ሁሉ «ኮሮናውን በመርፌ ሊሰጡን ነው» ብሎ ሸሸ። እርሳቸው ግን በእድሩ ስብሰባ ላይ ቆመው፣ ክትባቱ የኮሮና አለመሆኑን፣ ነገር ግን የደከመ ሳንባ ሁለት በሽታ በአንድ ጊዜ እንደማይችል አስረዱ። ቀድመው ክንዳቸውን የሰጡት የእድሩ ዳኛ አቶ ወልደአማኑኤል ነበሩ፤ በሳምንቱም ዐረፉ። ሰዉም «የሽታዬ መርፌ ገደላቸው» ብሎ አወራ። ሐኪሙ የቆየ የልብ ሕመም መሆኑን አረጋግጦ ሳለ፣ ይህን መናገር የሚገባቸው አለቆች ወሬው እስኪበርድ ብለው ዝም አሉ፤ ሲስተርንም ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት አዛወሯቸው። ወሬው በረደ፤ እርሳቸው ግን አልተመለሱም።

በዚያው ዓመት አባታቸው ሲያርፉ፣ እድሩ ደንቡን ጠብቆ ድንኳን ተከለ፣ ወንበርም ደረደረ፤ የተቀመጠ ግን አልነበረም። ምክንያቱ ኮሮና ነው ተባለ። በዚያው ሳምንት ግን ሌላ ለቅሶ ቤት ሰዉ ትከሻ ለትከሻ ተገጣጥሞ ተቀምጦ ነበር። ወደዚያ ባዶ ድንኳን ገብተው የተቀመጡት የአቶ ወልደአማኑኤል ባለቤት ወ/ሮ አበዛሽ ብቻ ናቸው። «ባሌን የወሰደው ልቡ ነው። ሐዘንሽን ጨርሺና እኔንም ትወጊኛለሽ፤ እነዚህ የቀሩብሽም ቆመው ያያሉ» አሏቸው።

እንዳሉትም አደረጉ። በተከታዩ ዙር ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆመው፣ ሽታዬ ካልወጋችኝ አልገባም ብለው ከግምጃ ቤት አስጠሯቸው፤ ከኋላቸውም የእድሩ ሽማግሌዎች እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ ተሰለፉ። ለዚያች አንድ ቀን ሲስተር ወደ ሙያቸው ተመለሱ፤ ሲመሽ የግምጃ ቤቱን ቁልፍ መልሰው ተረከቡ።

ጡረታ የወጡትም የግምጃ ቤት ሠራተኛ ተብለው ነው። ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ትናንት ዐረፉ። መሥሪያ ቤታቸው ዛሬ የላከው የአበባ ጉንጉን «ለትጉህ ነርሳችን» ይላል። በሕይወት ሳሉ ይህን ቃል ከእነርሱ አልሰሙም።

ባለቤታቸውን አቶ ጫምሳን፣ ልጆቻቸውን ቢኒያምንና ሚልካን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ እንዲሁም ዛሬም ከሁላችን ቀድመው መጥተው ከፊት የተቀመጡትን ወ/ሮ አበዛሽን ትተው አልፈዋል።

ድንኳኑ ዛሬ ሞልቷል። ሰው ሳይፈርድላት የሄደችውን ነፍስ እግዚአብሔር ይፍረድላት፤ በሰላምም ያሳርፋት። አሜን።