በእማማ ደብሬ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሽማግሌ

በ1959 ዓ.ም. ታኅሣሥ ዐሥር ቀን፣ ከትምህርት ቤት ወጥቼ ወደ ኪራይ ቤቴ ስወርድ፣ ከሰቆጣ ገበያ በላይ ባለው ዳገት ላይ መምሬ ወልደ ጻድቅን አገኘኋቸው። ጥላቸውን አጥፈው እንደ ምርኩዝ ይዘው ወደ ቤታቸው ይወርዳሉ። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። የነቢያት ጾም ስለሆነ እህል የሚቀመሰው ከዘጠኝ በኋላ ነው። በዚያ ቀን ደግሞ የመስቀል ማኅበር ይጠጣል፤ ስለዚህ መምሬ መሄድ የነበረባቸው ወደ ታች ሳይሆን ወደ ላይ፣ ወደ ተረኛዋ ወደ እማማ ደብሬ ቤት ነበር።

እኔ ለሰቆጣ እንግዳ ነኝ። ከወልዲያ ተመድቤ ስመጣ «ለአንድ ዓመት ነው» ብለውኝ ነበር፤ ሦስተኛዬን ያዝሁ። ቀን ቀን በስልሳ ልጆች መካከል ስጮህ እውላለሁ፣ ከዚያ በኋላ ግን የሚያናግረኝ የለም። ሰው በመንገድ ላይ «እንደምን ዋሉ መምህር» ብሎ ባርኔጣውን ያነሣልኛል እንጂ ወደ ቤቱ አይጠራኝም። በዚህ ምክንያት መምሬን ባገኘሁ ቁጥር ነገር ነገር ይለኛል፤ እርሳቸውም ክርክር አይጠሉም።

መስቀላቸውን ተሳለምሁና «አባቴ፣ ማኅበሩ ቀረ እንዴ?» አልኋቸው።

«ማኅበሩስ አልቀረም፤ የቀረነው እኛ ነን። ከዐሥራ ሁለቱ ማኅበርተኛ አንድም ዛሬ እዚያ ቤት አይገባም። እኔም አልገባም።»

«እማማ ደብሬ ምን አጠፉ?»

መምሬ ቆም ብለው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «ይህን አንተ ትጠይቀኛለህ? ወሬውን ያወራኸው አንተ አይደለህም?»

ነገሩን ለአንባቢ ላስረዳ። እማማ ደብሬ ባላቸውን ከቀበሩ ጀምሮ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። አንድ ልጃቸው ምንዋጋው አሰብ ወደብ ላይ ጭነት ያወርዳል፤ ከሄደ ስድስት ዓመቱ ነው። በኅዳር ወር፣ ከደሴ በመጣ የጭነት መኪና ሰው አስይዞ አንድ የወረቀት ሥዕል ላከላቸው። ቀይ የለበሰ፣ ጺሙ የነጣ፣ ከረጢት የተሸከመ ሽማግሌ ነው፤ ፈረንጆች የገና አባት የሚሉት። የመርከብ ሰዎች ሰጥተውት ይሆናል። እማማ ደብሬ ሥዕሉን ይዘው ትምህርት ቤት ድረስ መጡና ከጀርባው የተጻፈውን ሁለት መስመር አነበብሁላቸው። ከዚያ «ይህ ሰውዬስ ማነው?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም ሳቅሁ። «ፈረንጆች በገና ልጆቻቸውን የሚያታልሉበት ሽማግሌ ነው፤ የሱቅ ማስታወቂያ» አልኋቸው። በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለውት ሄዱ።

ከሳምንት በኋላ ሽምብራ ልገዛ ቤታቸው ብገባ፣ ያ ሽማግሌ በእመቤታችንና በቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል መካከል ተሰቅሏል፤ ከሥሩም የጧፍ ጠብታ አለ። በማግስቱ ጠላ ቤት ተቀምጬ ይህንኑ አወራሁት። የሰቆጣ ሰው በእኔ ጨዋታ ሲስቅ በሦስት ዓመት ያ የመጀመሪያው ነበር። ደስ አለኝና ደገምሁት። አሁን ስጽፈው አፍራለሁ።

«ለጨዋታ ነበር አባቴ» አልሁ።

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ልጄ። ወሬው እኔ ዘንድ ሲደርስ ሄጄ በዓይኔ አየሁት። ሥዕሉ አንድ ዓይኑን ጨፍኗል።»

«ለልጆች ሲጠቅስ ነው፤ ለማሳቅ።»

«በእኛ አሣሣል በአንድ ዓይን የሚታየው ማን እንደሆነ ታውቃለህ? ጻድቅ ፊቱን ወደ ሰው መልሶ በሁለት ዓይኑ ያያል። አንድ ዓይን ብቻ የሚሣልለት ይሁዳ ነው፣ ዲያብሎስ ነው። እንዲህ ያለውን በእመቤታችን አጠገብ ሰቅላ ጧፍ ታበራለታለች! አውርጂው አልኋት። ዝም አለችኝ። ደግሜ አልኋት። አሁንም ዝም። እንግዲያው እሱ ባለበት ቤት ጸበል አልረጭም፣ ዳቦም አልባርክም ብዬ ወጣሁ። ማኅበርተኛውም ይህን ሰምቶ ቀረ።»

«ታዲያ ጠላውን ጠምቀው፣ ዳቦውን ጋግረው፣ ብቻቸውን ሊቀመጡ ነው?»

«እኔስ ደስ ብሎኝ ይመስልሃል? ሠላሳ ዓመት የነፍስ አባቷ ነኝ። ከቅዳሴ ስወጣ እግሬ በልማዱ ወደ ላይ ይዞኝ ሊሄድ ነበር። ግን የንስሐ ልጄን ለባዕድ ሥዕል ስትሰግድ አይቼ ዝም ብል፣ በኋላ የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

«አባቴ፣ ስለ አንድ ወረቀት ብለው ሰውን ከማኅበሩ መለየት ይገባል?»

«ተው እንጂ መምህር። የሱቅ ማስታወቂያ ነው ብለህ የነገርሃት አንተ፣ የሳቅህባት አንተ። አሁን ደግሞ ግቡ ትለኛለህ። የቱን ልመንህ?»

የተማረ ሰው መልስ ሲያጣ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ እኔም ልጮህ ነበር፣ ነገር ግን የምጮኸው ነገር እንኳ አላገኘሁም። ስለዚያ ሽማግሌ የማውቀው በጣም ጥቂት መሆኑ ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው።

«እንግዲያው የማውቀውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ልንገርዎ» አልኋቸው። «ደሴ ስማር አንድ የህንድ አገር ክርስቲያን መምህር ነበሩን። ይህ ሽማግሌ ጥንት በእውነት የነበረ የእግዚአብሔር ሰው ነው ይሉን ነበር። ስሙን ረስቼዋለሁ። ለድሃ ይሰጥ ነበር፤ ግን ፊት ለፊት አይሰጥም፣ ሰው ሲተኛ በመስኮት ወርውሮ ይሄዳል። ከረጢት ያሸከሙት ከዚያ ተነሥተው ነው።»

መምሬ ጥላቸውን መሬት ላይ ተከሉት። «ድሃው ማን ነበር?»

«ሴቶች ልጆች የነበሩት አንድ ሰው።»

«ስንት ልጆች?»

«ሦስት መሰለኝ።»

መምሬ ለእኔ የሚነግሩኝ ሳይሆን ለራሳቸው የሚያስታውሱ ያህል ቀስ ብለው ተናገሩ። «ሰውየው ባለጸጋ ነበረ፤ ኋላ ደኸየ። ልጆቹ ለማግባት ደርሰው የሚድርበት አጣ። ከችግሩም የተነሣ ወደ ክፉ ሥራ ሊሰዳቸው አሰበ። ያ ጻድቅ ግን ይህን ሰምቶ ወርቅ በከረጢት ቋጥሮ በሌሊት በመስኮት ጣለለት። ለመጀመሪያዪቱ እንዲህ ሆነላት፣ ለሁለተኛዪቱም፣ ለሦስተኛዪቱም። በሦስተኛው አባትየው ነቅቶ ሲጠብቅ ነበርና ሮጦ ወጥቶ አወቀው፤ ከእግሩም ሥር ወደቀ።»

«ይህን ከየት ያውቁታል አባቴ?»

«ከስንክሳር ነዋ። ዛሬ አንብቤዋለሁ። ታኅሣሥ ዐሥር የኤጲስ ቆጶሱ የኒቆላዎስ ዕረፍት ነው።»

የህንዱ መምህራችን የነገሩን ስም ወዲያው መጣልኝ። ኒኮላስ ነበር ያሉት። ሁለታችንም በመንገዱ መሐል ቆመን ቀረን። የአበርገሌ ፍየል የሚነዱ ሰዎች ዞረውን አለፉ።

በመጀመሪያ ወደ አእምሮዬ የመጣው ክርክሩ ነው። «ሠላሳ ዓመት ሲያነቡት ማን ሰማዎት?» አልኋቸው።

«ምእመናን ቆመው ነበር።»

«መቆሙንስ ቆመው ነበር። ነገር ግን እማማ ደብሬ አፋቸውን የፈቱት በአገሩ ቋንቋ በኽምጣኛ ነው፤ አማርኛው ሁለተኛቸው ነው፤ ግእዙንማ ከድምፁ በቀር አያውቁትም። በገዛ ቤተ ክርስቲያናቸው በየዓመቱ ታሪኩ የሚነበበውን ሰው፣ ሥዕሉ ቤታቸው ሲመጣ እንዴት ይወቁት? ቢተረጎምላቸው ኖሮ ማንም አያስቸግራቸውም ነበር።»

«እውነት ነው፤ አልተረጎምሁላቸውም» አሉ መምሬ። «አንተስ? አማርኛም እንግሊዝኛም አለህ። ያን ሁሉ ታውቅ ነበር። ማነው ብላ ስትጠይቅህ የመለስህላት ምን ነበር?»

አንገቴን ደፋሁ። ይህ መልስ ይገባኝ ነበር።

መምሬ ግን ገና አልተሸነፉም። «ይሁን፤ ስሙ የእርሱ ይሁን። ነገር ግን ይህ የጳጳስ ሥዕል አይደለም። መስቀል አልያዘ፣ አክሊል አልደፋ። ደግሞስ ጾመኛ ሰው እንዲህ ይወፍራል?»

«ነጋዴ ነው ያወፈረው አባቴ። ከአገር አገር ሲዞር፣ ያገኘው ሁሉ እንደ ወደደ አለበሰው። ሥዕሉን አይሳለሙት፤ እኔም ተሳለሙት አልልም። ግን ጣዖት አይደለም። ከንጹሕ ምንጭ ወርዶ በመንገድ የደፈረሰ ውሃ ነው።»

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላሉ።»

«እንግዲያው ከሥሩ እንያዘው። ኒቆላዎስ ያንን ወርቅ ቀን ለቀን በበሩ ገብቶ መስጠት ሲችል ለምን በመስኮት የጣለው ይመስልዎታል?»

«ጌታ በወንጌል ‹ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ› ብሏልና።»

«ሌላም ምክንያት አለው ብዬ አስባለሁ። ድሃው እንዳያፍር ነው። እኛ ግን፣ እኔ በጠላ ቤት፣ እርስዎ በማኅበርተኛው ፊት፣ አንዲት ብቻዋን የምትኖር ሴት አሳፈርን። ያውም በእርሱ በዓል ቀን።»

መምሬ ወደ ታችኛው መንገድ አዩ፤ ቤታቸው ይታያል፣ ጭሱም ወጥቷል። ከዚያ ፊታቸውን አዙረው ዳገቱን ተያያዙት። እኔም ተከተልሁ።

የእማማ ደብሬ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። መደቡ ላይ ቁርበቱ በሙሉ ተነጥፏል። ዐሥራ ሁለት ዋንጫ ታጥቦ በተራ ተደፍቷል፤ ዳቦው በሰፌድ ላይ እንዳለ ነው፤ የማኅበሩም ጽዋ ንጹሕ ጨርቅ ለብሶ ከበርጩማ ላይ ተቀምጧል። እማማ ደብሬ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ከበሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። የአንድ ሰው እንኳ ድምፅ የለም። እኔ ብቸኝነትን የማውቅ ይመስለኝ ነበር፤ ለሰው ተነጥፎ ሰው ያልተቀመጠበት ቤት ግን ያን ቀን ነው ያየሁት።

እማማ ደብሬ ሲያዩን ተነሥተው መስቀል ተሳለሙ። መምሬ ጉሮሯቸውን ጠርገው የኒቆላዎስን ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአማርኛ ነገሯቸው። በመጨረሻም «እንግዲህ ወለተ ሐና፣ ጻድቅነቱ እውነት ነው፤ ሥዕሉ ግን እንደ ሥርዓታችን አልተሣለምና የምትሰግጂለት አይደለም» አሏቸው። የንስሐ ልጃቸውን የሚጠሯቸው በክርስትና ስማቸው ነው።

እማማ ደብሬ መሬት መሬት እያዩ ሲሰሙ ቆዩ። «አባቴ፣ እኔ ጻድቅ ነው አላልሁም» አሉ።

«ጧፉስ?»

«ጧፉ ለእመቤቴ ነው። ምንዋጋው በጀርባው ላይ ‹እናቴ ሆይ፣ ዘንድሮም መምጣት አልተቻለኝም፤ በእኔ ፈንታ ይህ ሽማግሌ ለገና ይግባልሽ› ብሎ ጽፎልኛል። መምህር ናቸው ያነበቡልኝ። በልጄ ፈንታ የመጣውን እንግዲህ የት ላድርገው? እመቤቴ እሱን ባየች ቁጥር ልጄን እንድታስበው ብዬ ከአጠገቧ አደረግሁት።»

እነዚያን መስመሮች ያነበብሁት እኔ ነኝ። ዓይኔ ሥዕሉ ላይ ነበርና ልብ አላልኋቸውም።

«ታዲያ አውርጂው ስልሽ ምነው ይህን ሳትነግሪኝ?» አሉ መምሬ።

«አውርጂ አሉኝ እንጂ ለምን ሰቀልሽው አላሉኝም። መምህርም ሳቁ። የሚጠይቀኝ ሰው ይመጣል ብዬ ስጠብቅ ይኸው ዘጠኝ ሰዓት ሆነ።»

መምሬ «ይቅር በይኝ» አሉ። እማማ ደብሬ ደንግጠው «አባቴ፣ እኔን ይፍቱኝ እንጂ» ሲሉ፣ እርሳቸው ወጥተዋል። በዚያ ዕድሜያቸው፣ እህል ሳይቀምሱ፣ ማኅበርተኛውን ከቤት ቤት እየዞሩ በየስሙ ጠሩ። እኔ ከእማማ ደብሬ ጋር ቀረሁ። ዳቦው ሳይባረክ ጠላ አይቀዳም፤ ስለዚህ ሁለታችንም ባዶ ዋንጫ ፊት ለፊት ተቀምጠን ጠበቅን። ስለ ሳቄ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «እርስዎም የሰው አገር ሰው ነዎት» አሉኝ፤ ሌላ አልጨመሩም።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ሳይሆን ማኅበርተኛው ገባ። አንዳንዱ አፍሮ ነበር፣ አንዳንዱ ያላፈረ መስሎ ነበር። መምሬ ዳቦውን ከመቁረሳቸው በፊት ታሪኩን በአማርኛ ደገሙት፤ አቶ ብዙነህ የሚባል ማኅበርተኛ ደግሞ ለአሮጊቶቹ በኽምጣኛ ተረጎመላቸው። የሦስቱ ልጆች ነገር ላይ ሲደርስ ሴቶቹ አለቀሱ። ስሙን በየዓመቱ ቆመው ሲሰሙት የኖሩትን ሰው ያወቁት ያን ቀን ነው። ሥዕሉንም መምሬ እማማ ደብሬን አስፈቅደው በራሳቸው እጅ ከቅዱሳኑ መካከል አነሡና፣ ከመኝታቸው ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ ሰቀሉላቸው።

ከዚህ ነገር ስንት ጥቅም እንደተገኘ ልናገር። መምሬ ከዚያ ወዲህ የዕለቱን ስንክሳር ካነበቡ በኋላ ፍሬ ነገሩን በሕዝቡ ቋንቋ ይነግራሉ፤ ሕዝቡም ያየውን ሁሉ የሰይጣን ነው ብሎ አይሸሽም፣ የመጣለትንም ሁሉ አይቀበልም፤ መጀመሪያ ምንጩን ይጠይቃል። ማኅበሩም ተመካክሮ በታኅሣሥ ዐሥር ብቻውን በሚኖር ሰው ደጃፍ ማር፣ ሽምብራ ወይም የተፈተለ ጥጥ አስቀምጦ መሄድን ደነገገ። ማን እንዳስቀመጠው አይጠየቅም። እኔም ተማሪዎቼ ሲጠይቁኝ፣ የማላውቀውን «አላውቅም፤ ጠይቄ እመጣለሁ» ማለት ለመድሁ። ለመምህር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ምንዋጋው እስካሁን አልመጣም። በታኅሣሥ ዐሥር እናቱ በሰው መካከል ይውላሉ፤ በማግስቱ በዐሥራ አንድ ግን ደጃፍ ላይ የተቀመጠ ማር አያነጋግራቸውም። ይህን ሳልጽፍ ባልፍ የተጠቀምነውን ብቻ አውርቼ የቀረንን መሸሸጌ ነው። ስለዚህ አንባቢዬ ሆይ፣ ስቀህበት ወይም ኮንነኸው ያለፍኸው ሰው ቢኖር፣ ቤቱ ግባና ለምን እንዳደረገው ጠይቀው። ስጦታው የሚጀምረው ከዚያ ነው።

እኔም በዐሥራ አንደኛው ቀን መሄድ ጀምሬአለሁ። እማማ ደብሬ በሩን ከፍተው ሲያዩኝ «መምህር፣ ዛሬ እኮ ማኅበር የለም» ይሉኛል። «አውቃለሁ» እላቸዋለሁ፣ እገባለሁም።