ጉድጓዱ አፍ ላይ የታየው እሳት

አምና ከአሶሳ ወደ ባምባሲ ስጓዝ የሚኒባሳችን ጎማ ፈነዳና ከሼህ ጁምዓ የማንጎ እርሻ አጠገብ ወረድን። ሽማግሌው መጥረቢያ ይዘው ቆርጠው ከጣሉት ማንጎ ዛፍ አጠገብ ቆመዋል። የእህታቸው ልጅ ነዕማ ወደሚቀጥለው ዛፍ እንዳያልፉ ከፊታቸው ተገትራለች። ነዕማን ፊዚክስ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ዛሬ የከርሰ ምድር ባለሙያ ናት። ይህን ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ ታዲያ ምን ይደረግ!

«ምን ሆናችሁ?» አልኩ።

«መምህር፣ እስቲ ይፍረዱን» አሉ ሼሁ። «እዚያ ማዶ እነ ነዕማ ጋዝ ፍለጋ ሲቆፍሩ ጥቁር ድንጋይ ወጣ። ጉድጓዱ አፍ ላይም እሳት ቦግ አለ፤ አገር ምድሩ አይቷል። እኔ ዕድሜዬን ወርቅ ሳጥብ የኖርኩ ሰው ነኝ። የመጀመሪያው ገበቴ ካብለጨለጨ እዚያው ይቆፈራል። ለጋዙ የሚጎርፈው ሠራተኛ ሳይመጣ ማንጎውን መንጥሬ የሚከራይ ማረፊያ ቤት ልሥራ ብል፣ ይቺ ልጅ ከለከለችኝ!»

«አጎቴ፣ እሳቱ ውሸት አይደለም» አለች ነዕማ በትሕትና። «ግን ከአንድ ቀጭን ስንጥቅ የወጣ ነው። ዛሬስ ይነዳል?»

«ጠፍቷል» አሉ ቅር እያላቸው።

«ለመሆኑ ወርቅ ሁሉ በገበቴ ይታያል?»

«ኧረ የት ታይቶ! ነጭ ድንጋይ ውስጥ የተጣበቀ አለ። ካልተፈጨ አይገኝም።»

«ጋዙም እንደዚያው ነው። ከፊሉ በድንጋዩ ደቃቅ ቀዳዳዎች ውስጥ ተቀምጧል፤ ከፊሉ ከጥንት ዕፅዋት ቅሪት ጋር ተጣብቋል። እኛ መሣሪያ በኬብል እስከ ታች እናወርዳለን። ድንጋዩ በተፈጥሮው የሚያወጣውን ጨረርና ክብደቱን፣ ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያሳልፍም እንለካለን። ቅሪት የበዛበት ድንጋይ ቀለል ይላል፣ ጨረሩም አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ይላል። ከዚያ ተነስተን የጋዙን መጠን እንገምታለን።»

«ግምት! የእኔም ግምት ነው እኮ!»

ሽማግሌው የረቷት መሰለኝና ደነገጥኩ። ነዕማ ግን ፈገግ አለች።

«የእኔ ይፈተናል፣ አጎቴ። ከጥልቁ የወጣውን ድንጋይ በብረት ዕቃ አሽገን የለቀቀውን ጋዝ ለካን፤ አስቀድሜ ካልኩት ጋር ተስማማ። ጋዝ አለ፤ ግን ስስ ነው፣ ሠራተኛ የሚያመጣ አይደለም። አገሩ ሁሉ ብዙ ነው እንድል ጓጉቶ ነበር። እኔስ ብል እንዴት ደስ ባለኝ! የሌለውን ግን አለ ብዬ ሪፖርቱ ላይ አልፈርምም።»

ሼሁ ቀና አሉ። «የፈረምሽው አንቺ ራስሽ ነሽ? የውጭ ሰው አይደለም?»

«እኔ ነኝ።»

መጥረቢያውን መሬት ላይ አስቀመጡ። «ወላሂ! የእህቴ ልጅ የምድርን ሆድ መርምራ ትፈርማለች፤ እኔ ደግሞ በአንድ ቀን እሳት እርሻዬን ላጠፋ!» አሉና ግንባሯን ሳሟት። እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ እንባዬ መጣ። ለክቶ የለም ማለት የሚችል ልጅ ያላትን አገር ማንም ያሻውን ነግሮ አያታልላትም።

ማንጎ ሲደርስ ተመልሼ ሄድኩ። ቅርንጫፉ ከፍሬው ብዛት ጎንበስ ብሏል፤ መኪና ቆሞ ይጭናል። ሼሁ የዚያችን የቆረጧትን ዛፍ ጉቶ ወንበር አድርገው፣ የራሱን እርሻ ሊመነጥር ያሰበ ጎረቤታቸውን ይገስጻሉ።

«መጀመሪያ ይለካ!» አሉት። ከዚያ ጉቶውን በእጃቸው ቸብ ቸብ አደረጉ። «እኔ በእሳት ብልጭታ የፈረድኩባት ይቺ ናት። እነዚያን ሁሉ ያተረፈችልኝ ልጄ ናት።»