ያልተገነጠለው ገጽ

ውድ ቤተ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና ደንበኞች፤ ሰፈሩ ሁሉ «ወይዘሮ ፋይል» እያለ የሚጠራቸው የኢንሹራንስ ወኪሏ እህታችን፣ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው የዛሬ ስድሳ ስምንት ዓመት የበኩር ልጅ ሆነው ተወለዱ። በትምህርት ዘመናቸውም ያለፈ ዓመት ደብተር የማይጥሉ፣ ታናሽ ወንድማቸው አንድ ሉክ ቢገነጥልባቸው የቀረውን ቆጥረው የሚደርሱበት ሰው ነበሩ።

የወኪልነት ፈቃድ ባወጡ ጊዜ፣ ደንቡ ቢሮ ከመኖሪያ የተለየና የራሱ በር ያለው ይሁን ይላልና፣ የሳሎናቸውን ግማሽ በግድግዳ ከፍለው ወደ መንገድ በር አስወጡለት። አስተማሪው ባለቤታቸው፣ ከእንግዲህ እኔም በቀጠሮ ልግባ እንዴ እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። እሳቸው ግን ፈቃዳቸውን ፊት ለፊት ሰቅለው፣ የገባውን ሰው ሁሉ ከነጉዳዩና ከነቀኑ በትልቁ መዝገብ እየጻፉ፣ ሁለት ሴት ልጆችንም ከዚያው ግድግዳ ማዶ አሳደጉ።

ሰው ናቸውና አንድ ጊዜ ተሳሳቱ። አንድ አናጺ ወርክሾፑን ወደ ሌላ ሰፈር ማዛወሩን ሊያስታውቅ ቢመጣ፣ መዝገቡ ላይ አስፈረሙትና ለኩባንያው የሚጽፉትን ደብዳቤ ዘነጉት። በሦስተኛው ወር ወርክሾፑ ተቃጠለ፤ ኩባንያውም ስለ መዛወሩ የነገረን የለም ብሎ ካሣ ከለከለ። የአናጺው ብቸኛ ማስረጃ ያ ገጽ ነበር፤ ያው ገጽ ደግሞ የእሳቸውን የሃያ ዓመት ፈቃድ ሊያስነጥቅ ይችላል። ይህን የማነበው እኔ ታናሽ ወንድማቸው፣ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፣ ገጹን እንዲገነጥሉት መከርኳቸው።

«አንተ እንደሆንክ ከልጅነትህም ሉክ ገንጣይ ነህ። ሲመቸኝ ብቻ የምይዘው ከሆነ ምኑን መዝገብ ሆነ?» አሉኝና መዝገቡን አቅፈው ወደ ኩባንያው ሄዱ።

ለወኪል መንገር ለኩባንያው መንገር ነውና ካሣው ተከፈለ፤ አናጺውም ወርክሾፑን መልሶ ሠራ፤ የእሳቸው ፈቃድ ግን ለአንድ ዓመት ታገደ። ያን ዓመት አንድ ውል ሳይሸጡ፣ ደንበኛ ፋይሉን ማየት ቢፈልግስ እያሉ በየማለዳው በሩን ከፈቱ። እገዳው ሲነሳ ወረፋው መንገዱን ያዘ።

ዘንድሮ የኩላሊት ሕመም ሲጸናባቸው፣ የወኪልነት ፈቃድ ላወጣችው ትልቋ ልጃቸው ፋይሎቹን አንድ በአንድ እያስፈረሙ አስረከቡ፤ አራት ቀን ፈጀ። በሳምንቱም በሰላም ዐረፉ።

ከኋላቸው ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸው፣ ይህን ሳጥን በገዛ እጁ የሠራው አናጺና ክፉ መካሪው ወንድማቸው አለን። የሁላችንን መዝገብ የሚያውቅ አምላክ ስማቸውን ከደጋጎቹ ጋር ይጻፍልን፤ ነፍሳቸውን ያሳርፍ፤ ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን። ያ ገጽ እስከ ዛሬ በቦታው አለ፤ ማየት የሚፈልግ ቢኖር ቢሮው ነገ ጠዋት ይከፈታል።