ፊት ለፊት መግፋትና ከኋላ መጣል

አቶ ኪዳኔ ሠላሳ ዓመት የለንደን አውቶቡስ ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። አንድ ዝናባማ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ኬኒንግተን ፌርማታ ላይ ከብፅዓት ጋር ተገናኙ። ብፅዓት የወዳጃቸው የሰይፈሥላሴ ልጅ ናት፤ በአዘቦቱ ቀን ታስተምራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የአሜሪካን ፉትቦል፣ ያን የራስ ቁር እየደፉ የሚጋፉበትን ጨዋታ፣ ትዳኛለች። ትናንት ልጃቸውን ኤርምያስን ከሜዳ ያስወጣችው እሷ ነበረች።

ሰላምታቸው ቀዝቃዛ ነበር።

«ልጄን በሰው ፊት አዋረድሽው» አሉ አቶ ኪዳኔ። «ጨዋታው ራሱ መገፋፋት አይደለም? ኳስ ለያዘው ጓደኛው መንገድ ጠረገለት እንጂ ምን አጠፋ? ነገ አፒል እናደርጋለን፤ ቅጣቱ ይነሣ ብለን ይግባኝ እንላለን።»

«መብታችሁ ነው ጋሼ። ግን መንገድ መጥረጉም፣ ብሎክ የምንለው፣ ወግ አለው። ፊት ለፊት ቆሞ፣ ከወገብ በላይ፣ በእጅ ደረትን መግፋት የተፈቀደ ነው። ኤርምያስ ግን ከኋላ መጥቶ በተጋጣሚው ቡድን ልጅ በአኑዋር ጉልበት ላይ ወደቀ።»

«መጣል ያው መጣል ነው። ከፊትም ሆነ ከኋላ ምን ይለየዋል?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ልግፋዎት?»

እየተገረሙ እግራቸውን አንፈራጠው ቆሙ። ደረታቸውን ገፋች፤ ንቅንቅ አላሉም። አውቶቡስ መጥቶ እንደሆነ ሊያዩ ዞር ሲሉ ግን በጃንጥላዋ ጫፍ የጉልበታቸውን መታጠፊያ ነካ አደረገችው። ተብረከረኩ። ክንዳቸውን ይዛ አቆመቻቸው።

«ገባኝ» አሉ ትንፋሻቸውን ሰብሰብ አድርገው። «ከፊት የሚመጣውን መኪና አይቼ ፍሬን እይዛለሁ። ከኋላ ለሚገጨኝ ምን አደርጋለሁ?»

«እንደሱ ነው። ያየ ሰው ሰውነቱን ያዘጋጃል። ያላየው እግሩ መሬት እንደረገጠ ይሰበራል። የአኑዋር ጅማት ተበጥሷል፤ አሁን ሆስፒታል ልጠይቀው ነው የምሄደው።»

«ኤርምያስ ክፉ ልጅ አይደለም።»

«አውቃለሁ። እንዲያውም መጀመሪያ ቆም ብሎ ነበር።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጋሼ፣ እዚያ ሜዳ ውስጥ አማርኛ የምንሰማው እሱና እኔ ብቻ ነበርን።»

አቶ ኪዳኔ ኮፍያቸውን ወደ ግንባራቸው ሳብ አደረጉ። ትናንት ከሜዳው አጥር ወዲያ ሆነው በአማርኛ «ከኋላ ጣለው፣ ምን ትጠብቃለህ» እያሉ የጮኹት እሳቸው ነበሩ። ልጁ አባቱን ታዘዘ።

«ሪፖርቱ ላይ ጽፈሽዋል?»

«አልጻፍኩም። እኔ የምጽፈው ተጫዋቹ ያደረገውን ነው።»

ሰው ከከሰሰው ጋር ይከራከራል፤ ከሳሽ ሲያጣ ግን ከራሱ ጋር ይፋጠጣል። ወደ ቤታቸው የሚወስደው አውቶቡስ መጥቶ ሄደ። እሳቸው ከብፅዓት ጋር ወደ ሆስፒታል የሚሄደውን አውቶቡስ ተሳፈሩ።

የአኑዋር እናት አልጋው አጠገብ ተቀምጣለች። ልጁ መድኃኒት ወስዶ ተኝቷል። አቶ ኪዳኔ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ «ልጅሽን ጣለው ብዬ ልጄን ያዘዝኩት እኔ ነኝ» አሏት።

ሴትዮዋ ቀና ብላ አየቻቸው። «ሐኪሞቹ እንደ በፊቱ አይሮጥም ብለውናል» አለች። ይቅር ብዬዎታለሁ አላለችም።

ኮሪደሩ ላይ ወጥተው ለኤርምያስ ደወሉለት።

«አፒሉ ቀርቷል፤ ቅጣትህን ጨርስ። ከዚያ ቀና ብለህ ፊት ለፊት መግፋት ተማር። እንዲያ የሚጫወት ሰው ጓደኛውን ያሳልፋል፤ ባላጋራውም በእግሩ ቤቱ ይገባል፤ እሱም ሰው ፊት ለመቆም አያፍርም።»

«አባዬ፣ ጣለው ያልከኝ አንተ አልነበርክ እንዴ?»

«ነበርኩ። ለእናቱ ነግሬያታለሁ። አሁን ደግሞ አንተ ና።»

ስልኩን ዘግተው ወደ ታች ወረዱና የሆስፒታሉ በር ላይ ቆመው ጠበቁት።