ኑሩ የወደቀበት ቦታ

(ኮምቦልቻ፤ ከልምምድ በኋላ ባዶ በቀረው ሜዳ ላይ የከባድ መኪና ሹፌሩ ጋሽ ይመር፣ ከልጃቸው ከሟቹ ኑሩ ጋር በአንድ ቡድን ይጫወት የነበረውን ተከላካይ እንድሪስን አስቁመውታል።)

እንድሪስ፦ አይሆንም፣ ጋሼ። ሌላ ነገር ይዘዙኝ።

ይመር፦ ሌላ አልፈልግም። ልጄን የጣልክበትን ቦታ አሳየኝ።

እንድሪስ፦ ሽማግሌዎቹ ሁሉን ነግረውዎታል።

ይመር፦ እነሱ የነገሩኝ ስለ ይቅርታ ነው። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ። ነገ ለእርቅ ይመጣሉ፤ እኔ ሳላይ እጄን አልዘረጋም።

እንድሪስ፦ አሰልጣኙን ይጠይቁት።

ይመር፦ ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር አለኝ። በቅርብ ያየኸው አንተ ብቻ ነህ።

እንድሪስ፦ ኑሩ ሲጫወት አንድ ቀን እንኳ አይተውት አያውቁም?

ይመር፦ እኔ ጅቡቲ መንገድ ላይ ነኝ። ስመለስ ጭቃ የያዘ ጫማ ደጃፍ ላይ አገኝ ነበር። ጫማውን ነው የማውቀው።

እንድሪስ፦ ... እዚህ ጋ ነው። ልምምድ ላይ በመስመሩ በኩል ኳስ እየነዳ መጣብኝ።

ይመር፦ እንግዲያው አንተ ኑሩን ሁን። እኔ አንተን እሆናለሁ።

እንድሪስ፦ እኔ እሱን? ጋሼ፣ በአላህ!

ይመር፦ ካንተ ሌላ ማን ያውቀዋል?

እንድሪስ፦ ... እሺ። እንዲህ ቀጥ ብለው አይቁሙ። ጎንዎን ይስጡኝ፣ ጉልበትዎን አጠፍ ያድርጉ። ቀጥ ብሎ የቆመን ሰው ኑሩ ኳሱን በእግሩ መሀል ነበር የሚያሾልክበት።

ይመር፦ አባቱንም?

እንድሪስ፦ አባቱንማ ይቅርታ ጠይቆ።

ይመር፦ ሂድ ወዲያ! ... አሁን ኳሱን ልይ?

እንድሪስ፦ ኳሱን ካዩ አለቀልዎት። እግር ይዋሻል፣ ዓይንም ይዋሻል። ወገቡን ይዩ፤ ወገብ በዞረበት ነው ሰው የሚሄደው።

ይመር፦ እንደኛው ነው። ከፊቴ የሚመጣ መኪና ፍሬቻ ቢያሳየኝ አላምነውም፤ የፊት ጎማውን ነው የማየው።

እንድሪስ፦ ሲፈጥን ወደኋላ ይበሉ፣ ሲዘገይ ይዘግዩ። ግን እሱም እያየዎት ነው። ክብደትዎ አንዱ እግር ላይ ሲያርፍ በሌላው በኩል ያመልጣል።

ይመር፦ ታዲያ ማን ነው ማንን የሚመራው?

እንድሪስ፦ እሱን እኛም አናውቀውም ነበር።

ይመር፦ አታውቁም! አንተ ግን በጉልበትህ ከጎድኑ ስር ገባህ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ።

እንድሪስ፦ የወጋም አይረሳም፣ ጋሼ። ወድቆ ሲነሳ እየሳቀ ነበር። «ዛሬስ ያዝከኝ» አለ። ውስጡ እየደማ መሆኑን ማን አወቀ? ከሰዓታት በኋላ ሐኪም ቤት ...

ይመር፦ እሱን አውቀዋለሁ፤ ሬሳውን የተረከብኩት እኔ ነኝ! የምጠይቅህ ሌላ ነው። እግርህን መመለስ አትችልም ነበር? መልስልኝ!

እንድሪስ፦ አላውቅም። ወላሂ አላውቅም።

ይመር፦ እኔ አውቃለሁ። ሰው እግሩን ያዛል። ዕድሜዬን ሙሉ ፍሬን ስረግጥ ኖሬያለሁ። ና፣ እንደመጣው ሆነህ ና። እኔ ቆሜ አሳይሃለሁ።

እንድሪስ፦ ይወድቃሉ፣ ጋሼ።

ይመር፦ ና አልኩህ! ሳትራራልኝ፣ ልክ እንደሱ።

እንድሪስ፦ እሺ ... መጣሁ። በግራ ...

ይመር፦ ወይኔ!

እንድሪስ፦ ጋሼ! ተጎዱ? እጅዎን ይስጡኝ።

ይመር፦ አንተስ? ጎንህን መታሁህ።

እንድሪስ፦ ደህና ነኝ፤ ትንሽ ነው። ይነሱ።

ይመር፦ አልቆምኩም።

እንድሪስ፦ ምን አሉ?

ይመር፦ እቆማለሁ ብዬ ነበር። ወገብህ ሲዞር እግሬ ተከትሎህ ሄደ። እኔ አላዘዝኩትም።

እንድሪስ፦ ጋሼ ... ያን ቀንም እንዲሁ ነው የሆነው።

ይመር፦ ዝም በል እስኪ። ልጄ ከሞተ ወዲህ የምጠላው ሰው ነበረኝ፤ አሁን እሱንም ወሰድክብኝ።